ሳል፣ ከግራ በኩል

ጋሼ የወደቁት ዘጠነኛውን እርምጃ ሲራመዱ ነው። ስምንቱን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ቆጥሬያለሁ። ዘጠነኛው መድረክ ላይ አልነበረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ውጭው ፀሐይ ነው፤ የአዳራሹን መስኮቶች በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን ውስጡን አጨልመነዋል። እኔ በመድረኩ ግራ ጎን መዝገቤን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከቡድኑ ጋር መዞር ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ያ የጨለማ ትዕይንት ያለ አንዳች ኮሽታ ሲሄድልኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። ወንበር አልተጎተተም፣ ሳንቃ አልጮኸም፣ ቁልፍ አልተንሿሿም። በመዝገቡ ዳር «ጥሩ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ፊደል ጽፌ ሳልጨርስ፣ እንደ ሙሉ ጆንያ ያለ ከባድ ነገር ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

ከዚያ የጋሼ ድምፅ ከታች መጣ። «ያው መንገድ ነው» አሉ። «ሰዎቹ ብቻ ናቸው የተቀየሩት።»

ይህ ከተውኔቱ ነው፤ መስኮቱን ከፍተው ወደ ውጭ ሲያዩ የሚሉት። መሬት ላይ ተዘርረው፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ አሉት። ተመልካቹም አጨበጨበ።

ሁለት መቶ ያህል ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ከደረት ከፍታ ላይ በጨለማ ሲወድቅ ሰምቶ፣ ትወና ማለት ይህ ነው ብሎ አጨበጨበ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ብዕሩ እጄ ላይ ነው፣ ባትሪው ጉልበቴ መሀል ነው፤ ማብራት የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። መብራቱን የለቀቀው መብራት ላይ የሚቀመጠው ሹፌራችን ነው። ያኔ ጋሼ ከፊት ረድፍ ወንበሮች ሥር በጎናቸው ተኝተው፣ ግራ እጃቸው ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፎ ታየ፤ ጭብጨባውም አንድ በአንድ ቆመ።

ቡድኑ በመንገድ ላይ አምስት ሰው ነው። ጋሼ አባትየውን ይጫወታሉ። ልጅየዋን የምትጫወተው ተዋናይት ከሁላችንም በቁመት ትበልጣለች፤ ለዚያም ነው ሁሉም «ሚጡ» የሚላት። የጋሼ ሚስት እትዬ አልባሳቱን ይይዛሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ይጠግናሉ። ሹፌሩ መኪናውን ይነዳል፣ ስንደርስ የመድረኩን ቤት ይገጣጥማል፣ ሲጀመር መብራቱ ላይ ይቀመጣል። አዘጋጁ ዋናው ከተማ ቀርቶ በስልክ ያዘናል። እኔ የመድረክ አስተዳዳሪ ነኝ፤ ማን መቼ እንደሚገባ፣ መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አዛለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው አግብታ ስትሄድ፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በስድስተኛ ወሬ ተቀጠርኩ። በሁለተኛው ቀን ስም ወጣልኝ፤ «ቶሎ ቶሎ»። ሹፌሩ ግድግዳዎቹን ባቆመ ቁጥር ይተርትብኛል፤ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ።» ግድግዳችን ጨርቅ ነው፤ ብዙም አልተሳሳተም።

ተውኔቱ ቀላል ነው። ልጅ የአባቷን ቤት ልትሸጥ ትመጣለች፤ አባት አልወጣም ይላሉ። በሁለተኛው ክፍል መብራት ይጠፋል፤ አባትየው ከአልጋቸው ተነስተው ቤታቸውን በጨለማ ያቋርጣሉ። ከአልጋ እስከ ጠረጴዛ አምስት እርምጃ፤ እዚያ መታጠፍ፤ ከዚያ እስከ መስኮቱ አራት። መስኮት የሚባል ነገር የለም፤ የመድረኩ ጠርዝ ነው። ጋሼ ለጠርዙ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ይቆሙና አየሩን እንደ መስኮት ይከፍቱታል። ያኔ አንዲት ትንሽ መብራት ፊታቸው ላይ ትበራለች። የፊት ረድፍ ተመልካች ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰው እኛን ለማየት የሚመጣው ለዚያች ስንዝር ነው።

ወደ ክሊኒክ የወሰድናቸው በመድረኩ አልጋ ነው፤ ሌላ ቃሬዛ አልነበረም። ሹፌሩና ሁለት ተመልካቾች ተሸከሟቸው፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው አልጋውን አይቶ ዳር ያዘ። ግራ አንጓቸው ተሰብሯል፣ አንድ የጎን አጥንታቸው ተሰንጥቋል። ወጣቱ የጤና መኮንን ጭንቅላታቸው ተመትቶ እንደሆነ ለማየት ትንሽ መብራት ዓይናቸው ላይ አበራ። ወዲህ ወሰደው፣ ወዲያ መለሰው። ዓይናቸው አልተከተለውም። ጣቶቹን ዘርግቶ ስንት እንደሆኑ ጠየቃቸው።

«ስንት ቢሆኑ ደስ ይልሃል?» አሉት ጋሼ።

አልሳቀም። ወደ እትዬ ዞሮ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ የጋሼን ጫማ በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመዋል።

«በግራው አራት ዓመቱ» አሉ። «በቀኙ ሁለት። ቀን ቀን ጥላ ጥላ ይታየዋል። በጨለማ ምንም።»

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ የሚፈረም ወረቀት ይዤ። ወረቀቱን አራት ላይ እንዳጠፍኩት፣ ከዚያም እንደገና እንዳጠፍኩት አስታውሳለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ መኪና ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠናል። ጋዜጣ የሚያነቡላቸው እትዬ ናቸው፤ የጌታ ነገር፣ ማንበብ እንኳ በሰው ነው ብዬ ታዝቤያለሁ። ሲሄዱ እጃቸው ከእትዬ ትከሻ አይወርድም፤ በስልሳ ሦስት ዓመት ጫጉላ ብዬ ለሚጡ አሽሟጥጫለሁ፤ ሚጡ አልሳቀችም። ማሳሰቢያ በር ላይ ስለጥፍ ሁሉም ቆሞ ያነባል፤ ጋሼ እያለፉ «አይቼዋለሁ» ይላሉ። በየቀኑ፣ ፊቴ ቆመው፣ አይቼዋለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሚጡ ከነመድረክ ልብሷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳት። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዲት ነርስ በር ከፍታ አየችኝ። ሚጡ ጥያቄዬን ትታ የራሷን ጠየቀችኝ።

«ያንን ወንበር ለምን ይመስልሻል የምጎትተው የነበረው?»

ግድ የለሽ ስለሆንሽ፣ ልላት ነበር። ለሦስት ሳምንት የማስበው ይህንኑ ነው።

«አምስተኛው እርምጃ ላይ ነው የምጎትተው» አለች። «ጋሼ የሚታጠፉት እዚያ ጋ ነው።»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ወንበሩ መታጠፊያቸው ነው። የእትዬ የቁልፍ ዘለላ አቅጣጫቸው ነው፤ እትዬ ከግራ በኩል ጠርዙ አጠገብ ቆመው በቀስታ ያንሿሹታል፣ ጋሼ ድምፁን በግራ ጆሯቸው ይዘው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ማቆሚያቸው ደግሞ ሳንቃው ነው። በየአዳራሹ የምንዘረጋው የራሳችን የሳንቃ ወለል አለን፤ ከሳንቃዎቹ አንዱ ሲረገጥ ይጮኻል። ሹፌሩ ያንን ሳንቃ ሁልጊዜ ከጠርዙ በእኩል ርቀት ላይ ያነጥፈዋል። ሲጮኽ ጋሼ ይቆማሉ፤ እጃቸውን ያነሳሉ፤ መስኮቱ ይከፈታል።

ሦስቱንም ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። በእጅ ጽሑፌ አለ። ማሳሰቢያ ዘጠኝ፦ ወንበር አይጎተት። ሚጡ አልተው ስላለችኝ በአራቱም እግሮች ሥር ወፍራም ጨርቅ በማጣበቂያ ለጠፍኩበት። ማሳሰቢያ አሥራ ሰባት፦ እትዬ በትዕይንት ሰዓት ቁልፋቸውን ከወገባቸው አውልቀው ምስማር ላይ ይስቀሉ። ማሳሰቢያ ሃያ ሦስት፦ የሚጮኸው ሳንቃ ይመታ። ሹፌሩ ሁለት ሳምንት «ነገ» እያለ አሸሸኝ። የዚያን ቀን ጠዋት መዶሻውን ተቀብዬ ራሴ መታሁት። ስድስት ምስማር። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ዘለልኩበት፤ ዝም አለ፤ ኮራሁ።

«ወንበሩን ስትወስጂባቸው በቁልፉና በሳንቃው ተላመዱ» አለች ሚጡ። «ቁልፉን ስትወስጂባቸው ሳንቃው ይበቃኛል አሉ። ዛሬ ጠዋት ቆጥሬ እሄዳለሁ አሉ።»

ሹፌሩ ከውጭ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ልብሱ ላይ ከአልጋው የተነካካ ቀለም አለ። ልንነግርሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አስበን ነበር አለ፤ ሳይቆጣ፣ የመኪና ብልሽት እንደሚያስረዳ ሰው።

«ግን ስትናገሪ እንጂ ስትሰሚ አይተንሽ አናውቅም።»

ሚጡም ብንነግርሽ ለአዘጋጁ ትጽፊ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው። እጽፍ ነበር።

ዕቃውን ልናነሳ ወደ አዳራሹ ተመለስን። መብራቱን አጥፍቼ ባዶ መድረክ ላይ ቆምኩ። ከአልጋው ቦታ እስከ ጠርዙ ድረስ ዘጠኝ ትንንሽ አረንጓዴ ነጥቦች ያበራሉ፤ በጨለማ የሚያበራ ፕላስተር ነው፤ ከገዛ ኪሴ ገዝቼ ለጋሼ እርምጃ የለጠፍኩት። ስለጥፍ አይተው፣ ማለትም ቆመው፣ «ተባረኪ ልጄ» ብለውኛል። ከእኔ በቀር ነጥቦቹ ለማንም እንደማይጠቅሙ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ተንበርክኬ በጥፍሬ ላጥኳቸው። ሰባተኛው ተቀደደ፤ ግማሹ እዚያው እያበራ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ያረፉበት ክፍል ሄድኩ። ጋሼ ጀሶ የገባ እጃቸውን ትራስ ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል፤ እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የሚጡን ቀሚስ ይሰፋሉ። ለሰላምታዬ ጋሼ ብቻ መለሱ። ሌሊቱን አስቤ የመጣሁትን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ ለአዘጋጁ ልጽፍ ነው፤ የማያይ ሰው በጨለማ ወደ ጠርዝ ሲሄድ እያወቅኩ መብራት አጥፉ ብዬ ማዘዝ አልችልም፤ ከእኔ ሳይሰሙ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል፤ የሚያዩት ግን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ንቀት ነበር የሚመስለኝ።

«ጻፊ» አሉ። «የኔን ዓይን ስትጽፊ ግን ያንቺንም መዶሻ ጻፊ።»

እጽፋለሁ አልኩ። ልወጣ ስል እትዬ መርፌያቸውን ሳያቆሙ፣ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«እቤት ከበሩ ጋር ይጋጫል፣ ከወንበሩ ጋር ይጋጫል። ገላውን ብታዪው ሰንበር በሰንበር ነው። መድረክ ላይ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ነገር ነክቶ አያውቅም። እሱንም ጨምሪበት።»

ጨመርኩበት። ሁለት ገጽ ሆነ። ከምረቃ ጽሑፌ ይልቅ ይኸኛው ላቤን አወጣው፤ ምክንያቱም «ተደረገ» ብዬ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እየሰረዝኩ «አደረግሁ» ማለት ነበረብኝ። አዘጋጁ ማታውኑ ደወለ። እንዳነበበው ከአተነፋፈሱ ያስታውቃል፤ እሱም አያውቅም ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ የጋሼ ቀኝ እጅ ደህና መሆኑን ነው፤ መስኮቱን የሚከፍቱት በእሱ ነውና። ከዚያ ቅዳሜ የሚቀጥለው ከተማ ላይ ራሱ መጥቶ እንደሚያይ ነገረኝ። ካልሆነ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ ጋሼም ወደ ቤታቸው። ወደዚያ በሩ ወደሚገጫቸው ቤት።

አራት ቀን ነበረን። የወንበሩን ጨርቅ በቢላ ፋቅኩት፤ ጥሩ ማጣበቂያ ነበር የተጠቀምኩት፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሹፌሩ ስድስቱን ምስማር ነቀለ፤ እያንዳንዱን ሲነቅል ለእኔ አሳይቶ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥለዋል፤ ኳ። ስድስት ጊዜ ኳ። እትዬ ቁልፋቸውን ወገባቸው ላይ መለሱ። እኔ አንድ ነገር ብቻ የግድ አልኩ፤ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ገባ ብላ የጣት ውፍረት ያላት ጣውላ በወለሉ ወርድ ሙሉ ትመታ፣ ቢሳሳቱ እንኳ እግራቸው እንዲያገኛት። ጋሼ ተቆጡ፤ የሕፃን አልጋ አታድርጊብኝ አሉ። ያለሷ መብራት አላስጠፋም አልኩ። ሹፌሩ ጣውላዋን መታት። ከዚያ በመዝገቡ ላይ፣ መብራትና መጋረጃ በሚጻፍበት ቀይ ብዕር፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ አስገባኋቸው፤ ሚጡ ወንበር ትጎትታለች፣ ይሰማ። እትዬ ቁልፍ፣ ከግራ በኩል።

ቅዳሜ አዘጋጁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ጀሶውን እትዬ በሰፊ እጅጌ ሸፍነውታል፤ አባትየው ከመጀመሪያውም እጃቸው የታመመ ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ያለ እንከን አለፈ። ሁለተኛው ላይ ጨለማው ሊደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሚጡ በቀኝ በኩል ወጣች፤ በመድረኩ ማዶ ቀሚሷን ከጀርባዋ ጨብጣ ይዛ አየኋት። ዚፑ ከላይ እስከ ታች ተበጥሷል። እትዬ፣ በግራ በኩል አጠገቤ ቆመው የነበሩት እትዬ፣ መድረኩ ባዶ በሆነባት አንዲት ቅጽበት አጎንብሰው በጥላው ተሻገሩ፤ አፋቸው ውስጥ ስፒል ይዘው። ሰፍተው እንደጨረሱ ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው። ጋሼ ግን ወደ አልጋቸው ሊሄዱ ገቡ፤ መድረኩ ከእንግዲህ ባዶ አይደለም። የዚያ አዳራሽ የኋላ ግድግዳ ከጨርቃችን ጋር ተጣብቋል፤ በጀርባ መተላለፊያ የለም።

መብራቱ ጠፋ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ሰዓቱን ጠብቆ ምልክቱን ሰጠ፤ ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከጠፋ በኋላ ነው። ቁልፉ ያለው በቀኝ በኩል ነው። እትዬ ከዚያ ቢያንሿሹት ጋሼ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይዞራሉ። አያንሿሹትም፤ በጡጫቸው ጨብጠው እንደቆሙ አውቄያለሁ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። በጨለማው የተመለሰችው ሚጡ ወንበሩን ጎተተች፤ ጋሼ ታጠፉ። ከዚያ ቆሙ።

በግራ ጆሯቸው ምንም የለም። ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጧል፤ ጥሩ ትወና ይመስለዋል። እኔ ወንበሬ ላይ ደርቄያለሁ። ቁልፍ የለኝም። መዝገቡን ብጥለው ምን እንደሆነ አያውቁትም። ብጠራቸው አለቀ። እና ሳልኩ።

አልተንቀሳቀሱም። እንደገና ሳልኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ከደረቴ፣ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚስል ሰው። ልብሳቸው ሲዞር ተሰማኝ። ስድስት። ሰባት። ሳንቃው ጋ እስኪደርሱ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ስምንት። ዘጠኝ፤ ሳንቃው ጮኸ፤ እንደዚያ የሚያምር ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ትንሿ መብራት ፊታቸውና ቀኝ እጃቸው ላይ በራች። የፊት ረድፍ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ያው መንገድ ነው» አሉ ጋሼ።

ካለቀ በኋላ አዘጋጁ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦን ማሳሰቢያውን ከወረቀት አነበበ። ሚጡ ሁለት ቦታ ፈጥናለች። ሹፌሩ የመጨረሻውን መብራት አዘግይቷል። ለጋሼ ምንም አላለም፤ ጣውላዋ አንድ ጣት ወደ ጠርዙ ትጠጋ፣ ቦታ ታጠባለች አለ ብቻ። ጋሼ ወደ እኔ አቅጣጫ ፈገግ አሉ፤ አሁንም ከትከሻዬ በላይ። እትዬ ትከሻቸውን ከጋሼ እጅ ሥር ሳያነሱ የቁልፍ ዘለላቸውን በቀሚሳቸው ያብሱ ነበር። ከዚያ አዘጋጁ ወረቀቱን ገለበጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ቁልፉ ይቅር። ሳሉ ይሻላል፤ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት ያለ ያስመስላል። ግን ዘግይቷል። ወንበሩ እንደተጎተተ ወዲያው ይሁን፤ አንዴ ብቻ፤ ሁለተኛው ዓይነት።»

«የመጀመሪያው የሷው ነው» አሉ ጋሼ። «እንደ ባለቤቱ ይቸኩላል።»

ሹፌሩ ሲስቅ ሰማሁት። አዘጋጁ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ሰኞ ስንት ሰዓት እንደሚነሱ ጠየቀው።

መዝገቡን አወጣሁ። ማሳሰቢያ አራት፣ በመጀመሪያው ሳምንት በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት፣ ከመጋረጃ ጀርባ አይወራም፣ አይሳልም ይላል። የመጨረሻዋን ቃል ሰረዝኳት። ከዚያ የጨለማውን ገጽ ገልጬ በቀይ ብዕር ጻፍኩ፤ የመድረክ አስተዳዳሪ፦ ሳል፣ ከግራ በኩል፣ አንዴ።